ለምን አሥራ አራት?

አቃቂ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ልጄ ዳሲቱ፣

ይህች ወረቀት አንቺንም እናትሽን አስካለችንም በጤና ታግኛችሁ። ፋሲካውም ደርሷልና በሰላም ያድርሳችሁ። እኔ አጎትሽ ደበላ ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ዓይኔና አፌ ደህና ናቸው። አፌማ እንዲያውም ከወትሮው ብሶበታል፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። ደብዳቤውን ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። አያና የሚባል የባቡር ሠራተኛ፣ ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው ልጅ፣ ወደ ጅቡቲ ስለሚወርድ በእጁ ልኬዋለሁ። መልሱንም ለእሱ ስጪው። የባቡር ቤተሰብ ሆነን ለቴምብር አንከፍልም።

እንግዲህ ስሚኝ። ባለፈው እሁድ በቀበሌያችን አዳራሽ ስብሰባ ነበረ። ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ሐሳብ ስጡ ተብሎ በየቀበሌው ሰው ይሰበሰባል። ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ባንዲራ ሲከራከሩ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ከዚያ እጄን አወጣሁና፣ «የሚኒስትሮች ቁጥር በሕግ ይወሰን። አሥራ አራት ይሁን። ከዚያ በላይ አንድም መጨመር ክልክል ነው ተብሎ ይጻፍ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሰብሳቢው ቀናው፣ ያ በፋብሪካ ሒሳብ ክፍል የነበረው፣ «አባባ፣ ለመሾም አስበው ከወዲሁ ወንበር እየቆጠሩ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም አልተበገርኩም። «እድራችን እንኳ ዳኛው አንድ፣ ጸሐፊው አንድ፣ ገንዘብ ያዡ አንድ ብሎ በደንቡ ጽፏል። ካልተጻፈማ የእያንዳንዳችን አማች ዳኛ ይሆን ነበር። አገር ከእድር ያንሳል?» አልኩ። ይሄኔ ጥቂቶች አጨበጨቡልኝ።

ግን ቀናው ብልጥ ነው። «ይሁን፣ ቁጥር ይኑረው። ለምን አሥራ አራት? ለምን አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አይሆንም?» ሲለኝ፣ «አሥራ አራት ይበቃል» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰው ስቆብኛል፤ ግድ የለኝም። እንደገና እናገራለሁ። የእናትሽን ጤና ጻፊልኝ።

አጎትሽ ደበላ ኦልጅራ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 3 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአብዬ ደበላ፣

እንደ ምን ሰነበቱልኝ? ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ለፋሲካ ማግስት ደረሰኝና ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከስንት ወር በኋላ ስትስቅ አየኋት። «ደበላ እኮ የራሱን ሬሳ ተሸካሚዎች ሳይቆጥር አይቀበርም» አለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እሷ ያለችውን ነው የጻፍኩት።

ስለ ሚኒስትሮቹ ያሉት እኔን አላሳቀኝም። እንደሚያውቁት የምሠራው ወደብ ውስጥ፣ ለጫኝና አውራጆች ምግብ የምታቀርብ ቤት ነው። ከመስኮቴ መርከቦቹ ይታዩኛል። መርከብ ሁሉ ሆዱ ላይ መስመር ተሥሎበታል። ዕቃ ሲጫንበት እየሰመጠ ይሄድና ውሃው መስመሩ ጋ ሲደርስ መጫን ይቆማል። ባለ ዕቃው ቢጮህ፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ መስመሩን ከፍ አድርጎ የሚሥልለት የለም። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ይንገሯቸው፤ የወንድሜ ልጅ የላከችው ነው ይበሉ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እማዬ ደህና አይደለችም። እግሯ አብጦ ከአልጋ አትወርድም። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ይላል፤ ክኒን ይሰጠኛል፣ ሌላ የሚለኝ ነገር የለም። ባቡር ላይ ጭኜ አገሯ እንዳላደርሳት መንገዱን አትችለውም።

ትናንት አጠገቧ አስቀምጣኝ አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለችኝ። «ሰቦቃ የሞተ ዕለት ፉርጎዎቹን ቆጥሮ ነበር ወይስ አልቆጠረም? ደበላ የጣቢያ ሹም ነበርና ያውቃል። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ይህን ብቻ ይንገረኝ» ነው ያለችው። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ የአባቴን አሟሟት ስታነሳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ለእኔም አንድ ነገር ይንገሩኝ። እውነት ግን ለምን አሥራ አራት?

የወንድምዎ ልጅ ዳሲቱ ሰቦቃ


አቃቂ፣ ሰኔ 20 ቀን 1986 ዓ.ም.

ልጄ ዳሲቱ፣

የጻፍሽልኝ ደርሶኛል፤ ፈጣሪ እናትሽን ይማርልኝ። ከዚህ ጋር አንድ ማሰሮ ማር ልኬያለሁ። ከቱሉ ዲምቱ ዘመዶቻችን ቀፎ የተቆረጠ ነው፤ በሞቀ ውሃ በጥብጠሽ ጠዋት ጠዋት ስጫት። ዝናቡ እዚህ ቀድሞ ገብቷል፤ የአቃቂ ወንዝ ከአሁኑ ደፍርሶ ይወርዳል።

መርከብሽ ጉድ ሠራችልኝ! ስብሰባው ሲቀጥል ተነስቼ እንዳልሽው ስለ መስመሩ ነገርኳቸው። ሳሪስ አትክልት የምትሸጠዋ ብዙወርቅ ብድግ ብላ፣ «አባባ ልክ ናቸው። አንድ ሚኒስትር በተጨመረ ቁጥር አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌር፣ ሁለት ዘበኛ ይጨመራል። ያን ሁሉ የሚቀልበው የኔ ቲማቲም ነው» አለች። ሰው እየሳቀ አጨበጨበላት።

የተቃወመኝ ሙሉአለም የሚባል አስተማሪ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልሰደበኝም። «አገሩ ሰፊ ነው፣ ሕዝቡም ብዙ ዓይነት ነው። ወንበሩ በቁጥር ከታጠረ ውጭ የሚቀረው ሁልጊዜ ትንሹ ነው። ደግሞስ ነገ ዛሬ ያላሰብነው ችግር ቢመጣና አዲስ መሥሪያ ቤት ቢያስፈልግ ሕገ መንግሥት ልንቀድ ነው?» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። እኔ ግን የባቡር ሰው ነኝና የመለስኩለትም በባቡር ነው። «አዲስ ካስፈለገ አንዱን ፍቱና ያንን ቀጥሉ። አስፈላጊ ነው የሚለውን ሁሉ ከኋላ እየቀጠላችሁ ግን አትሂዱ። ‹አንድ ብቻ› የሚል ሰው በየዘመኑ አይጠፋም» አልኩት።

ድምፅ ሲሰጥ የደገፈኝ ዘጠኝ እጅ ነው። ሆኖም በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎልኛል፤ ወደ በላይ ይሄዳል። እነሱ ቢቀበሉት፣ ዳሲቱ፣ ከእኔ የበለጠ ደስ የሚለው ሰው በኢትዮጵያ አይኖርም።

እናትሽ ያለችውን አንብቤዋለሁ። ነገሩ ባንድ ገጽ የሚያልቅ ስላልሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ማሩን እንዳትረሺ።

አጎትሽ ደበላ


ጅቡቲ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1986 ዓ.ም.

አብዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ማሩ ደርሷል፤ እማዬ ሁለት ማንኪያ ቀምሳለች። ደብዳቤዎን ሳነብላት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ። ሲያልቅ፣ «ገጹን ገልብጪው፣ ከኋላው ተጽፎ ይሆናል» አለችኝ። ገለበጥኩት፣ ባዶ ነው።

እርስዎ የማያውቁት ይመስል ልንገርዎት፤ ምናልባት ከእኛ ወገን ሲታይ ምን እንደሚመስል አያውቁም። አባቴ የፍሬን ሠራተኛ ነበር፤ ከባቡሩ መጨረሻ ፉርጎ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ፉርጎዎቹን ቆጥሮ ማረጋገጥ የእሱ ሥራ ነው። እሱ ያለበት ባቡር አቃቂ ጣቢያ በማሳለፊያው ሃዲድ ላይ ቆሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ይጠብቅ ነበር። ፉርጎ በዝቶበት ስለነበር ጭራው ከዋናው ሃዲድ አልወጣም። የሚመጣው ባቡር ያንን ጭራ መታው። አባቴ ሞተ። የሚመጣውን ባቡር የሚነዳው ዱጉማ እግሩ ተቆረጠ። የመረመሩትም ሰዎች፣ «የፍሬን ሠራተኛው ፉርጎዎቹን ሳይቆጥር ቀርቷል» ብለው ጻፉ።

ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዱጉማ የባቡር ሠራተኞች እድር ዳኛ ስለነበረ፣ የአባቴ ስም ከእድሩ መዝገብ ተሰረዘ፤ ለቅሶው ላይ ድንኳን አልተተከለም። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ትዝ ይለኛል። ለእናቴም ጡረታ አልተፈቀደላትም። የሰፈር ልጆች ሲያዩኝ፣ «መቁጠር የማይችለው ሰውዬ ልጅ» እያሉ በጣታቸው ቁጥር ይቆጥሩልኝ ነበር። እማዬ እኔን ይዛ በዚያው ባቡር ጅቡቲ የወረደችው ይህን ሽሽት ነው። የሰው ልብስ ስታጥብ ኖራ እዚህ ደርሳለች።

እኔ መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። እሷ ግን አላመነችም ኖሯል። አብዬ፣ ቆጥሯልም ይበሉን አልቆጠረምም ይበሉን፣ አንድ ቃል ነው። እንዳታዘገዩብኝ፤ እየከሳች ነው።

ዳሲቱ


አቃቂ፣ መስከረም 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ልጄ ዳሲቱ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። ዘግይቻለሁ። አያና ታሞ ነበር ብል እውነት ነው፤ ግን ሌላም የሚወርድ ሰው አልጠፋም ነበር። ስለዚህ በእሱ አላሳብብም።

ወረቀትሽን ሁልጊዜ ከኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ያልሽውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ፀሐይ ላይ ከቆሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሐሳቤ ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዳይቀር ብዬ ራሴ በእጄ ጽፌ ወደ ከተማ ወጣሁ። ሦስት ቢሮ አመላለሱኝ። በመጨረሻ አንዲት ደግ ጸሐፊ ተቀብላኝ ማኅተም መታችልኝ። አንብባው ስታበቃ፣ «አባባ፣ ለምን አሥራ አራት?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ይህችን ነው የሚጠይቀኝ። «ልጄ፣ ታሪኩ ረጅም ነው» አልኳት። «አለቆቼም መጠየቃቸው አይቀርም» አለች። እኔ ግን ከበሩ ወጥቼ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሕጉ እስኪጸድቅ ድረስ ጥቂት ታገሺኝ። ከሁለት ወር አይበልጥም ይላሉ። ቁጥሩ ተጽፎ ሳየው ለእናትሽ ሁሉንም፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ እጽፍላታለሁ። ያኔ ለመጻፍ አቅም ይኖረኛል። አሁን ብጀምረው እጄ ይያዛል። እስከዚያው ‹ደበላ አልረሳም› በያት።

የእሷን ፎቶግራፍ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል።

አጎትሽ


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

አብዬ፣

እማዬ ከእንግዲህ ፎቶግራፍ የምትነሳ ሰው አይደለችም።

የሚኒስትሮች ቁጥርና የአባቴ ሞት ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር እኛ የምናውቀው ሰው አለመሆንዎን ነው። ለማያውቁት ቢሮ አንድ ደርዘን ወረቀት ጽፈዋል፤ ለወንድምዎ ሚስት አንድ ቃል መጻፍ አቃተዎት። ባቡር በመጣ ቁጥር አያናን ጣቢያ ሄጄ እጠብቀዋለሁ። ስመለስ እማዬ እጄን ነው የምታየው።

ሕግ እስኪጸድቅ የሚጠብቅ ልብ የላትም። ይጻፉ።

ዳሲቱ


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1987 ዓ.ም.

ልጄ ዳሲቱ፣ እህቴ አስካለች፣

ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን ጸደቀ። በራዲዮ ሰማሁ። ጽሑፉን ከቀናው ተውሼ መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ብዙ ነገር አለበት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚለው ጋ ስደርስ በጣቴ መስመር በመስመር ተከተልኩት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አለ፣ ምክትሉ አለ፣ ሚኒስትሮች አሉ፤ ስንት እንደሆኑ ግን አይልም። እንዲያውም በሕግ በሚወሰን መሠረት ‹ሌሎች አባሎች› ይኖራሉ ይላል። ለሚመጣው ሁሉ በሩ ክፍት ነው። መልሼ መላልሼ አነበብኩት፤ ቁጥር የለውም።

እንግዲህ የምጠብቀው ነገር አለቀ። አስካለች፣ ልንገርሽ።

ቆጥሯል።

የአቃቂ ጣቢያ የማሳለፊያ ሃዲድ ያኔ አሥራ አራት ፉርጎ ነበር የሚይዘው። አሥራ አምስተኛው ከተጨመረ ጭራው ዋናው ሃዲድ ላይ ይቀራል። ይህ በቢሮዬ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ያን ቀን የሰቦቃ ባቡር አሥራ አራት ፉርጎ ይዞ በልኩ ገብቶ ቆመ። ሌላ አንድ ፉርጎ ደግሞ መንኮራኩሩ ተበላሽቶ ከቀናት በፊት እኛ ጣቢያ ቀርቶ ነበር። ተጠግኗል። የጫነው የአንድ አዲስ ሚኒስትር የቤት ዕቃ ነው፤ ሶፋ፣ አልጋ፣ ፒያኖ ሳይቀር። ሰውዬው ለራሱ ተብሎ አዲስ ወንበር ተጨምሮለት ነው የተሾመው ይባል ነበር፤ እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም። የሱ ሰው ቢሮዬ ገብቶ፣ «ጌታዬ ሳሎናቸው ባዶ ነው። አንድ ፉርጎ ብቻ ናት፤ ቀጥልልኝ» አለኝ። «ቦታ የለም» አልኩት። «የጣቢያ ሹም ነህ ወይስ የፖስታ ቤት ተላላኪ?» አለኝ። ክብሬን ነካው። ደግሞም ሹም ያስቀየመ የጣቢያ ሹም ሹም ሆኖ አይከርምም ብዬ ፈራሁ። አስቀጠልኩት።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ሁልጊዜ ይዘገያል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አንቺም ታውቂያለሽ፤ በሰፈራችን ለቀጠሮ የዘገየ ሰው ሁሉ ‹የአሥሩ ባቡር› ይባል ነበር። ገና ከለገሀር አልተነሳም፣ እዚያው አስቁሜው የኛን አስቀድሜ እሰዳለሁ ብዬ ገመትኩ። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ማንሳት ብቻ ነበረብኝ። የሚኒስትሩ ሰው ጨዋታ ይዞኝ አላነሳሁትም።

ሰቦቃ ቆጥሮ ጨርሶ ወደ ቢሮዬ መጣ። በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ታላቁ ነኝና ሥራ ላይም ያከብረኝ ነበር። «ጋሼ፣ አሥራ አምስት ሆኑ እኮ» አለኝ። እንግዳው ፊት ስለሆነ አፈርኩ። «አውቃለሁ። አንዷን እኔ ፈቅጄ ነው፤ ሂድ ቦታህ ተቀመጥ» አልኩት። ለአፍታ አየኝ። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ቦታው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ነው።

ያን ቀን ባቡሩ በሰዓቱ መጣ።

ፊሽካውን ስሰማ ሮጥኩ። ሰቦቃ ፉርጎው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀይ ባንዲራውን እያውለበለበ ነበር። መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለም። ዱጉማ ፍሬን የያዘው ያን ባንዲራ አይቶ ነው፤ ባያየው ኖሮ የተሳፈረው ሕዝብ ሁሉ ያልቅ ነበር።

መርማሪዎቹ፣ «ፉርጎ ቆጥሮ የሚያረጋግጠው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የፍሬን ሠራተኛው ነው» አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም። «ነገረህ ወይ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። አምስት ልጆች ነበሩኝ። ዝም ማለቴን እንዳልነገረኝ ቆጥረው ጻፉት። ያ ዝምታ ሃያ ስምንት ዓመት ሞላው። የሞተ አይከሰስም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ባቡር ስትሳፈሪ ትኬቱን የቆረጥኩልሽ እኔ ነኝ፤ ትዝ ይልሽ እንደሆነ ዓይንሽን አላየሁም።

ዳሲቱ፣ ለምን አሥራ አራት ብለሽ ነበር። ለዚህ ነው። ቁጥሩ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ቢጻፍ፣ ‹አንድ ብቻ› የሚል ሰው ሁሉ አፉ ቢዘጋ፣ ለአስካለች የምለው ነገር አገኛለሁ ብዬ ነበር። ‹ጥፋቴ ለአንድ ነገር ዋለ› ልላት። የሽማግሌ ሞኝነት ነው። ሰቦቃን በግድግዳ ላይ የተጻፈ ቁጥርም አላዳነው፤ የጻፍኩት እኔው፣ የጣስኩትም እኔው።

አስካለች፣ ባልሽ ቆጥሯል። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ደበላ


ጅቡቲ፣ ጥር 4 ቀን 1987 ዓ.ም.

አቶ ደበላ ኦልጅራ፣

እናቴ ኅዳር 27 ቀን አርፋለች። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ታኅሣሥ 10 ቀን ነው። በመካከሉ አሥራ ሦስት ቀን አለ። እርስዎ ቁጥር ስለሚወዱ ነው የጻፍኩት።

እስከ ዛሬ መልስ ያልሰጠሁት እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። በመጨረሻው ሳምንት መልስዎን መጠየቅ ትታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ሳጥባት፣ «ባይቆጥርም ደግ ሰው ነበር፤ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አለችኝ። እኔም እንባዬን ጠርጌ፣ «ደግ አደረግሽ» አልኳት። ይህን ነው የማልችለው። አባቴን ላልበደላት በደል ይቅር ብላው ሞተች። እኔም አብሬያት ይቅር አልኩት። እርስዎ ሐምሌ ላይ አንድ ቃል ቢጽፉ ኖሮ አራት ወር ኮርታ ትኖርበት ነበር።

ደብዳቤዎን መቃብሯ ላይ ወስጄ አነበብኩላት። ‹ቆጥሯል› የሚለው ጋ ስደርስ ደገምኩት። ሌላውን አላነበብኩትም፤ ስለ ፒያኖ መስማት አያስፈልጋትም።

ለእኔ ይቅርታ አይጻፉልኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የባቡር ሠራተኞች እድር በወሩ የመጨረሻ እሁድ እንደሚሰበሰብ አስታውሳለሁ። ዱጉማም በሕይወት እንዳለ አያና ነግሮኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይቁሙና ለእኛ የጻፉትን ይናገሩ። ለሚኒስትሮች መቆም የቻሉ ሰው ለወንድምዎም ይቆሙ ይሆናል።

ዳሲቱ ሰቦቃ


አቃቂ፣ የካቲት 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ልጄ ብዬ መጀመር አፈርኩ። ዳሲቱ፣

ጥር 28 ቀን እሁድ ወደ እድሩ ሄድኩ። የእድሩም ጸሐፊ ያው ቀናው ነው። እጄን ሳወጣ፣ «አባባ፣ ደግሞ ስለ ሚኒስትሮች እንዳይሆን!» አለና ሰው ሳቀ። «አይደለም፤ ስለ ጠየቅኸኝ ቁጥር ነው» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ስልኩን፣ የሰቦቃን ባርኔጣ፣ መርማሪዎቹ ፊት ዝም ማለቴን፣ አንድም አላስቀረሁም። ለማውራት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ይህን ስታነቢ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ።

ስጨርስ ዱጉማ ከፊት ወንበር ክራንቹን ተመርኩዞ ተነሳ። ይመታኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። አጠገቤ ደርሶ ቆመ። አልነካኝም። ወደ ሰዉ ዞረና፣ «ሃያ ስምንት ዓመት እግሬን በቆረጠው ሰው ፊት ጠላ ስጠጣ ኖሬያለሁ፤ ያዳነኝን ሰው ደግሞ ስሙን በእጄ ሰርዣለሁ» አለ። ከዚያ፣ «መዝገቡን አምጡ። ድንኳኑንም አውጡ» አለ።

ቀናው የአባትሽን ስም መልሶ ጻፈው። የአባል ሚስት የትም አገር ብትሞት እድሩ ሦስት ቀን ይቀመጥላታል፤ ደንቡ እንዲያ ይላል። ድንኳኑ ድሮ ትኖሩበት ከነበረው ቤት ደጃፍ ተተከለ። አሁን ድንቅነሽ የምትባል ሴት ነው የምትኖርበት፤ አታውቃችሁም፣ ግን ግቢዋን ለቀቀችልን። ለአስካለችም ለሰቦቃም አንድ ላይ ተለቀሰ። ብዙወርቅ ከሳሪስ የአትክልት ነጋዴዎቹን ይዛ መጣች። አስተማሪው ሙሉአለም ወንበር ሲያመላለስ ዋለ። የድሮ የባቡር ሰዎች፣ በሕይወት የቀሩት፣ ሁሉም መጡ። የአባትሽ ስም በተነሳ ቁጥር ‹የቆጠረው› እያሉ ነበር የሚጠሩት።

የሟች ወንድም እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። በድንኳኑ ውስጥ ከፊት፣ ከቤተሰቡ ቦታ አንድ ወንበር ባዶ ትተው ነበር። እኔ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ። ሦስቱንም ቀን ጠዋት መጥቼ ማታ ስሄድ የሚገባው ሰው ሁሉ በአጠገቤ ነው የሚያልፈው።

ግባ ያለኝ ሰው የለም። እኔም አልገባሁም።

ደበላ ኦልጅራ